ያለ ልክ የጠበቀ ብሎን

አንዲት እናት ነበረች። ሥራ የፈታች ሴት አልነበረችም፤ ግን ከሥራዋ ሁሉ አብልጣ የምትተጋው ለመስጋት ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ጣራው ሊነሣ ነው ትላለች። ስልክ ጠርቶ ከተቋረጠ ሰው ሞቷል ትላለች። ጎረቤቶቿ፣ “እሷ ቤት መርዶ ሳይመጣ ይለቀሳል” እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ሶስና የምትባል ልጅ ነበረቻት። የከብት ሐኪም ናት። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ጭና፣ በሞተር ሳይክሏ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ የቆላውን ሰው ከብት ትከትባለች። መንገዱ ጠጠር ነው፤ በአንድ በኩሉ ገደል ነው። እንግዲህ ይህች እናት እንዴት አድርጋ ትረፍ?

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ወሬ ሰማች። የአንድ ሰው ሞተር ከሥሩ ያለው የዘይት ብሎን መንገድ ላይ ወልቆ፣ ዘይቱ ፈስሶ አልቆ፣ ሞተሩ በድንገት ደርቆ ቀጥ አለ፤ ሰውየውም ተወርውሮ ወደቀ። ይህን ከሰማች በኋላ ምግብ አልወረደላትም።

በማግስቱ ማለዳ ልጅቱ ስትታጠብ፣ እናቲቱ አሥራ ሰባት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ተንበርክካ ብሎኑን አጠበቀችው። ላልቶ ነበር? አልላላም። “ለማንኛውም” አለች። ማክሰኞም አጠበቀችው፤ ለማንኛውም። ረቡዕም አጠበቀችው፤ ለማንኛውም።

ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ አሻግራ አየቻትና፣ “የሶስና እናት! ደግሞ ለሞተር መስገድ ጀመርሽ?” አለቻት።

“ሳቂ አንቺ። ያንቺ ልጅ በእግሯ ነው የምትሄደው።”

እንዲህ እያለች ሦስት ሳምንት አለፋት። ከዕለታት አንድ ቀን ቁልፉን ስታዞረው ብሎኑ ያለ ምንም ትግል ዞረላት። “እሰይ! ላልቶ ነበር፤ እንኳን ደረስሁ!” ብላ ደስ አላት። ደግማ አዞረችው፤ ዞረ። ሠልሳ አዞረችው፤ ዞረ። በባዶ ድስት ውስጥ እንደሚዞር ማማሰያ ዝም ብሎ ይዞራል፤ የሚይዘው ነገር የለም። እንደ ፀጉር የቀጠነ የሚያብረቀርቅ ብረት ከጠርዙ ተጠማዞ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ጠብታ ዘይት እጇ ላይ ወደቀ።

እንዳይወልቅ ስትፈራው የኖረችውን ብሎን የሚወልቅ ያደረገችው እሷ ናት።

ምን ታድርግ? ሮጣ ደረቅ ሳሙና አመጣችና ዙሪያውን መረገችው። ጠብታው ቆመ። ለዓይን ደህና መሰለ። ለዓይን!

ሶስና የበረዶ ሣጥኑን ይዛ ወጣች። ቆላ በሽታ ገብቷል፤ ሰዉ ከብቱን አሰልፎ እየጠበቃት ነው።

“ሶስዬ፣ ዛሬ እንኳ ብትቀሪስ?”

“እማዬ፣ ትናንትም ይህንኑ ነው ያልሽው። ከትናንት ወዲያም።” የራስ ቁሯን አጠለቀች።

አያችሁ? የእናቲቱ ቃልም እንደ ብሎኑ ሆኖ ነበር። በየቀኑ ስላጠበቀችው ጥርሱ አልቋል፤ ዛሬ እውነተኛ አደጋ መጥቶ ስትናገር የሚይዝላት አጣች። ልጅቱ ሞተሩን ልታስነሣ ነው። ዝም ካለች፣ ልጇ በሳሙና በተያዘ ብሎን ገደል አፋፍ ላይ ልትወርድ ነው። ከተናገረች፣ ጥፋቷ ሊገለጥ ነው።

ሄዳ ከጎማው ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

“እማዬ! ምን ሆንሽ?”

“እኔ ነኝ የዘይት ብሎኑን ያበላሸሁት። ሲዞር ይውላል እንጂ አይዝም። በሳሙና ደፍኜልሽ ነበር።”

ሶስና ጎንበስ ብላ ሳሙናውን በጣቷ ፋቀችው። ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ አለ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለቆላው ሰዎች፣ “ከቀትር በፊት አልደርስም፤ ከብቶቹን ጥላ ሥር አቆዩልኝ” አለቻቸው። ሞተሩን እሷ መሪውን ይዛ፣ እናቷ ከኋላ እየገፋች ወደ ጋራዥ ወሰዱት።

ጋሽ ሎምባሞ የሚባሉት ሜካኒክ ከሥሩ ተኝተው አዩና፣ “ይህን ያሰረው ሰው ነው ወይስ ትራክተር?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አለች እናቲቱ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትናገረው ትንሽ ቀለላት።

“እኅቴ፣ ብሎኑ ብረት ነው፤ የገባበት ቤት ግን አልሙኒየም ነው፤ ለስላሳ ነው። ከልክ በላይ ስታጠብቂው ብረቱ ምንም አይሆንም፤ የሚበላው የቤቱ ጥርስ ነው።”

“ታዲያ ሌላ ወፍራም ብሎን ፈልገው ጠበቅ ቢያደርጉልንስ?”

“እዚህ ያደረሰን እኮ ጠበቅ ነው!” ብለው ሳቁ።

ዘይቱን አፈሰሱ። የተበላውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አሰፉት። እናቲቱ ቀዳዳ ሲሰፋ ባየች ጊዜ፣ “አለቀልን” ብላ ፊቷን ሸፈነች። እሳቸው ግን በሰፋው ቀዳዳ አዲስ ጥርስ አወጡበት፤ ፍቅፋቂው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ መሣሪያውን ግራሶ የሚባለውን ወፍራም ቅባት ቀብተው በዝግታ ነበር የሚያዞሩት። ከዚያም ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቀለበት አስገብተው አጠበቁት። ለስላሳው ቤት አሁን የብረት ጉሮሮ አገኘ።

ብሎኑን ግን እሳቸው አላሰሩትም። ለእናቲቱ ሰጧት።

“በጣትሽ አስገቢው። ደረሰ? አሁን በቁልፉ፣ ቀስ… ትንሽ… በቃ! እዚህ ላይ ይበቃል።”

“አንዴ ብቻ ልጨምር?”

“ያቺ አንዴ ናት ጥርሱን የበላችው” አሏት።

እጇ ቁልፉን አልለቅ አለ። ሶስና ቆማ ታያታለች። እናቲቱ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች፤ ቁልፉንም ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ “ይህ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ይቀመጥ፤ ቤት አልወስደውም” አለች።

አዲስ ዘይት ተሞላና ሶስና ወደ ቆላ ወረደች። ፀሐይ ሳትጠልቅም ተመለሰች። እናቲቱ ከሞተሩ ሥር ጎንበስ ብላ አየች፤ አንድ ጠብታ አልነበረም። አየች እንጂ አልነካችም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ በየማለዳው የምታጠብቁት ምንድን ነው? እናቶች፣ ደኅና ነኝ ብሏችሁ ሳለ ለልጃችሁ ስድስቴ የምትደውሉለት ለምንድን ነው? ለማንኛውም! ያመናችሁትን ባል ኪሱን የምትፈትሹት ለምንድን ነው? ለማንኛውም! ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ብላችሁ ከጸሎት ተነሥታችሁ፣ በሩ ላይ መልሳችሁ የምትወስዱት ለምንድን ነው? ደግሞም ፍቅር ነው እንላለን። ፍቅር መሆኑን ማን ይክዳል? እሷም የተንበረከከችው ለልጇ ነው። ግን ፍርሃት የያዘው እጅ የት ላይ እንደሚበቃ አያውቅም፤ የሰው ልብ ደግሞ ብረት አይደለም፤ ለስላሳ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዷ፣ “የእኔማ ተበልቶ አልቋል፤ ልጄ ምንም አይነግረኝም” ትል ይሆናል። በሳሙና አትድፈኚው፤ ምንም እንዳልሆነ አትሳቂ። ሄደሽ ከልጅሽ ፊት ቁጭ በይና፣ “እኔ ነኝ” በይ። ጌታ ሲጠግን መጀመሪያ ያሰፋል፤ ያማል፤ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም።

ልጆቻችሁ ነገ ማለዳ ይወጣሉ። መንገዱ ያው ጠጠር ነው፤ ገደሉም ባለበት አለ። መርቋቸው፤ አንዴ። ከዚያ እጃችሁን አንሡ።