ተራ አንይዝም ያሉት ኤሌክትሮኖች

እስቲ ጠጋ በሉ። እኔ ልጀምር፤ እናንተ «ከዚያስ?» እያላችሁ አድምጡኝ።

ዘነበች የምትባል የፊዚክስ ተመራማሪ ነበረች። ኃይለኛ የኤክስሬይ ብርሃን ወደሚፈልቅበት ቤተ ሙከራ ለመግባት ሁለት ዓመት ተራ ጠብቃለች፤ የተሰጣት ጊዜ ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ፍላጎቷ ትንሽ ናት። ብርሃን አንዲት ሞለኪውል ሲመታ ከውስጠኛው ጓዳዋ አንድ ኤሌክትሮን ያባርራል። ክፍት የቀረውን ቦታ ሌላው ወርዶ ይሞላዋል፤ እሱ ሲወርድ ደግሞ ሁለተኛ ኤሌክትሮን ተፈናጥሮ ይወጣል። የወጡትን ሁለቱን፣ የአንድ ቤት ልጆቹን፣ አብረው ሲመጡ ማየት ፈለገች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስክሪኑ ላይ ግን የነጥብ ግርግር ብቻ!

«ቆጣሪ፣ ወንድማማቾቹን ለይልኝ» አለችው፣ የደረሱትን ኤሌክትሮኖች የሚመዘግበውን መሣሪያ።

«አልለይም! ዲቴክተሩ ያገኘውን ሁሉ ያቀብለኛል።»

ኤሌክትሮኖቹን ወደሚቀበለው መሣሪያ፣ ወደ ዲቴክተሩ፣ ሄደች። «ቆጣሪው አልለይም አለ፤ አንተ ምረጥለት።»

«አልመርጥም! ኤሌክትሮኖቹ እየተጋፉ ነው የሚደርሱት።»

ወደ ኤሌክትሮኖቹ ሄደች። «ቆጣሪው አይለይም፣ ዲቴክተሩ አይመርጥም፤ እናንተ ተራ ያዙ።»

«አንይዝም! ብርሃኑ መንደሩን በሙሉ ባንዴ ነው የሚያስወጣው።»

ወደ ብርሃኑ ሄደች። «ቆጣሪው አይለይም፣ ዲቴክተሩ አይመርጥም፣ ኤሌክትሮኖቹ ተራ አይዙም፤ አንተ አንዷን ብቻ ምታ።»

«አልችልም! ሞለኪውሎቹን የያዘው ጋዝ እየተግተለተለ ይመጣብኛል፤ የቷን መትቼ የቷን ልተው?»

ወደ ጋዙ ሄደች። «ቆጣሪው አይለይም፣ ዲቴክተሩ አይመርጥም፣ ኤሌክትሮኖቹ ተራ አይዙም፣ ብርሃኑ አንዷን አይመታም፤ አንተ ሳሳ በል።»

«አልሳሳም! ቫልቩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ምን ላድርግ?»

ወደ ቫልቩ፣ ወደ ጋዙ መክፈቻና መዝጊያ፣ ሄደች። «ቆጣሪው አይለይም፣ ዲቴክተሩ አይመርጥም፣ ኤሌክትሮኖቹ ተራ አይዙም፣ ብርሃኑ አንዷን አይመታም፣ ጋዙ አይሳሳም፤ ኧረ አንተ ጠበብ በል!»

«እኔን ማን ከፈተኝ? እጅሽ አይደለም እንዴ?»

ዘነበች ቀና ብላ ማንንም ማየት አቃታት። ጠዋት፣ ጊዜው እንዳያልቅባት ፈርታ፣ ጋዝ ሲበዛ ውጤትም ይበዛል ብላ ቫልቩን ሁለት ጊዜ ያዞረችው ራሷ ናት።

አጠገቧ የነበሩት የማሽኑ ባለሙያ ጋሽ ዳምጤ ሳቁ። «ልጄ፣ ሠርግ ቤት በር ላይ ቆመሽ ማን የማን ወንድም እንደሆነ ልትለዪ ነው?»

«ጋሼ፣ ቀንሼው ጊዜው ሳይበቃኝ ቢቀርስ?»

«እንዲህ ከቀጠልሽማ ሺህ ነጥብ ይዘሽ ባዶ እጅሽን ነው የምትገቢው።»

ቫልቩን መልሳ አዞረችው። ስክሪኑ ጭር አለ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ጣቷ ተመልሶ ወደ ቫልቩ ሲሄድ ጋሽ ዳምጤ በዓይናቸው ገሠጹት።

ከዚያማ፣ እጇ ቫልቩን አጥብቦት ነበርና ቫልቩ ጋዙን አሳሳው፤ ጋዙ ለብርሃኑ አንዲት ሞለኪውል አቀረበለት፤ ብርሃኑ መታት፤ ኤሌክትሮኖቹ ሁለት ሆነው ወጡ፤ ዲቴክተሩ ተቀበላቸው፤ ቆጣሪው «እነዚህማ ወንድማማቾች ናቸው» ብሎ መዘገባቸው።

አንዲት ነጥብ፣ ለአንድ ጥንድ ወንድማማች። ቆየት ብሎ ሌላ፣ ከፊተኛዋ ጎን። ቀስ በቀስ መስመር ሠሩ። ዘነበች እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ዓይን አይቶት በማያውቅ ጓዳ ውስጥ ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ይሞላል፣ ያ ሁሉ የዓይን ጥቅሻ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል፤ እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ጉድ ነው!

«መጡ፣ ጋሼ» አለች። «አብረው መጡ።»

ጋሽ ዳምጤም ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለማን እንዳወለቁ ግን እኔም አላወቅኩም።

ታሪኩ ከእኔ ወጣ፤ ወደ እናንተ ገባ።