ቀን ያጣው ፎቶ

ሥራ ያለው እየሠራ ይስማ፣ ሥራ የሌለው ጠጋ ይበል። ተረቱ አጭር ነው፤ መንገዱ ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው።

በአንዲት ዳገታማ ከተማ አትጠገብ የምትባል ሴት ከእናቷ ከእማማ ባፈና ጋር ትኖር ነበር። እማማ ባፈና ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ቆይቶ ደግሞ ማስታወሳቸው ተከትሏቸው ጡረታ ወጣ። የጥንቱን ነገር አንድ ሳያስቀሩ ያወራሉ፤ የትናንቱን ግን ማን በላው ሳይባል ይጠፋባቸዋል። ማለዳ ማለዳ ከአልጋቸው ሳይወርዱ፣

“አንዳርጌ ዘንድሮም ሳይመጣ ቀረ?” ይላሉ።

አንዳርጌ ወንድ ልጃቸው ነው፤ ሩቅ አገር የጭነት መኪና ይነዳል። ደግሞም መጥቶ ነበር። አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል መጥቶ፣ አድሮ፣ ከእናቱ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል።

“መጥቶ ነበር እኮ፣ እማዬ” ትላቸዋለች አትጠገብ።

“አትደልይኝ” ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ወንፊት ወደተሰቀለበት ወገን ያዞራሉ። ቁርሱ እንደቀረበ ይነሣል። በስልክ ብታገናኛቸው እንኳ፣ “ድምፅማ የማንም ሊሆን ይችላል” ይላሉ። እንዲህ እያሉ ሰውነታቸው እያለቀ ሄደ።

አትጠገብ መላ ያገኘች መስሏት ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አሳጥባ አመጣች። እናትና ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ የእናትየው ነጠላ ተንሸራቷል፣ የልጁ እጅ ትከሻቸው ላይ ነው። ጥጉ ላይ የፎቶ ቤቱ ማሽን በራሱ ጊዜ ቀን መትቶበታል፦ 09/09። እማማ ባፈና ፊት ለፊት ያሉትን ሰዎች ሳያዩ፣ በድሮ ልማዳቸው ጣታቸውን ጥጉ ላይ አሳረፉ።

“ዘጠነኛ ወር፣ ዘጠነኛ ቀን። ግንቦት ዘጠኝ። በግንቦት ማን መጣ? ቀኑ ሐሰት የሆነ ወረቀት ሁለመናው ሐሰት ነው” አሉና መለሱላት።

እንግዲህ የአትጠገብ ፍላጎት ይቺን ታህላለች፦ ፎቶው ጥግ ላይ እናቷ የሚያምኑት ቀን።

ወደ ፎቶ ቤቱ ወደ ሙሉሰው ወረደች። “ሙሉሰው፣ ወንድሜ የመጣው በጳጉሜ ነው፤ እባክህ የአበሻ ቀን አድርገህ አትምልኝ። አንተ ካላተምክ እማዬ አታምንም።”

“ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው” አለ ሙሉሰው። “ወሩን ልቀይር ብልም ዝርዝሩ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ናቸው፤ ጳጉሜ የለችም። ወንድምሽ ማሽኑ በማያውቀው ወር ነው የመጣው! ወይ ዝም ብዬ መስከረም አንድ ልበልልሽ? ማን ያውቃል?”

“እናቴን በውሸት ቀን አላጽናናም።”

“እንግዲያው ብርቄ በአማርኛ ትጻፈው፤ እኔ ጥጉ ላይ አስገባዋለሁ። እሷ ካልጻፈች ግን አላትምም።”

ብርቄ በኮምፒውተር ማመልከቻ የምትጽፍ ልጅ ናት። አትጠገብ ወደ እሷ ሄደች። “ብርቄ፣ የጳጉሜ ቀን ጻፊልኝ። አንቺ ካልጻፍሽ ሙሉሰው አያትምም፤ ሙሉሰው ካላተመ እማዬ አታምንም።”

“የጳጉሜ ስንት ልበል?”

በጳጉሜ እንደመጣ አትጠገብ ታውቃለች፤ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ግን ከበዓሉ ግርግር ጋር ጠፍቶባታል። “ስልኩ በፈረንጅ ሴፕቴምበር ዘጠኝ ነው የሚለው” አለች።

“እትዬ አትጠገብ፣ ባለፈው ለአንዱ የልጁን ልደት በግምት ገልብጬ፣ ልጁ ሳይወለድ ክርስትና ተነሣ! ከዚያ ወዲህ በግምት መጻፍ ትቻለሁ። መሪጌታ ፈንቴ ይቁጠሩ። እሳቸው ካልቆጠሩ አልጽፍም።”

መሪጌታ ፈንቴ አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። “መሪጌታ፣ የፈረንጁ ሴፕቴምበር ዘጠኝ የጳጉሜ ስንት እንደሆነ ይቁጠሩልኝ። እርስዎ ካልቆጠሩ ብርቄ አትጽፍም፤ ብርቄ ካልጻፈች ሙሉሰው አያትምም፤ ሙሉሰው ካላተመ እማዬ አታምንም።”

“ለባፈና ነው?” አሉ መሪጌታ፣ ቀና ብለው። “እሷ እኮ የአቤቱታዬ ወረቀት ቀን ጎድሎታል ብላ ስንቴ ከደጅ መልሳኛለች! ለእሷማ በቃሌ አልቆጥርም። የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፉን ማየት አለብኝ፤ ለመጽሐፉ ደግሞ መነጽር ያሻል። የመነጽሬ አንድ ጆሮ ወልቆ ዳምጠው ሰዓት ሠሪው ዘንድ ተኝቷል። እሱ ካልጠገነ አልቆጥርም።”

ዳምጠው የሚሠራባት ጠባብ ክፍል ግድግዳዋ ሁሉ ሰዓት ነው፤ አንዱም ከአንዱ አይስማማም። “ጋሽ ዳምጠው፣ የመሪጌታን መነጽር ይጠግኑልኝ። እርስዎ ካልጠገኑ መሪጌታ አይቆጥሩም፤ መሪጌታ ካልቆጠሩ ብርቄ አትጽፍም፤ ብርቄ ካልጻፈች ሙሉሰው አያትምም፤ ሙሉሰው ካላተመ እማዬ አታምንም።”

“ብሎኗ ይቻት፣ መዳፌ ላይ ናት” አለ ዳምጠው። “በምን ላጥብቃት? ትንሿን ካቻቢቴ ታከለ ልብስ ሰፊው ለስፌት መኪናዬ ብሎ ወስዶ ቀረ። ሰው የተዋሰውን ቢመልስ ምን ነበረበት?”

“እውነት ነው፣ ጋሽ ዳምጠው። የዛሬ ሰው!” አለች አትጠገብ፣ ራሷን እየነቀነቀች።

“ካቻቢቴው ካልመጣ አልጠግንም።”

ታከለ ልብስ ሰፊው የሰው ሱሪ ላይ አጎንብሷል። “አያ ታከለ፣ ካቻቢቴውን ስጠኝ። አንተ ካልሰጠህ ጋሽ ዳምጠው አይጠግኑም፤ ጋሽ ዳምጠው ካልጠገኑ መሪጌታ አይቆጥሩም፤ መሪጌታ ካልቆጠሩ ብርቄ አትጽፍም፤ ብርቄ ካልጻፈች ሙሉሰው አያትምም፤ ሙሉሰው ካላተመ እማዬ አታምንም።”

“ካቻቢቴው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሚስቴ ሰርኬ ጋ ነው” አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እሷ ደግሞ ዛሬ ተቆጥታለች። እኔም ቁርስ አልቀመስኩም። ድፍረቱ ካለሽ በጓሮ ግቢ። እሷ ቁልፍ ካልሰጠች እኔ አልከፍትም።”

አትጠገብ በጓሮ ገባች። ሰርኬ ተፈጭቶ የመጣ ዱቄት ፊት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

“እትዬ ሰርኬ፣ ቁልፉን ስጪኝ። አንቺ ካልሰጠሽ አያ ታከለ ሣጥን አይከፍትም፤ አያ ታከለ ካልከፈተ ጋሽ ዳምጠው አይጠግኑም፤ ጋሽ ዳምጠው ካልጠገኑ መሪጌታ አይቆጥሩም፤ መሪጌታ ካልቆጠሩ ብርቄ አትጽፍም፤ ብርቄ ካልጻፈች ሙሉሰው አያትምም፤ ሙሉሰው ካላተመ እማዬ አታምንም።”

“ቁልፍ የለም! ዱቄቴን ሳልነፋ ለማንም አንዳች አልሰጥም። በምን ልንፋው? ወንፊቴን ለበዓል ሰሞን አንዷ ተዋሰችኝ፤ በዚያ ሁሉ ግርግር ማን እንደሆነች ጠፋኝ። ጠርዙ በቀይ ጨርቅ የተሰፋ ወንፊቴን! እንዲያው እሷን ሴትዮ እግዜር ይይላት፤ የነካችው ሁሉ አይቅናት!”

አትጠገብ ያን ቀይ ጨርቅ ታውቀዋለች። በየማለዳው እናቷ ፊታቸውን ሲያዞሩ ከምስማሩ ላይ ታየዋለች። አንዳርጌ የመጣ ዕለት ለዳቦው ዱቄት ብላ የተዋሰችው ነው። ነገ እመልሳለሁ ስትል፣ ነገ ሌላ ነገ እየወለደ፣ ወንፊቱ የቤቷ ዕቃ ሆኖ ቀረ። “የዛሬ ሰው!” ያለችውም ትዝ አላትና ጆሮዋ ጋለ።

አጥሩ ላይ ሰቅላው ብትሄድስ? ማን ያውቃል?

ማን ያውቃል ያለው ሙሉሰው ነበር። እሷ ደግሞ የመለሰችለትን አልረሳችም።

“እትዬ ሰርኬ” አለች፣ “ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።”

ሰርኬ አየቻት። ዱቄቱን አየች። እንደገና አየቻት። “አንቺ! ፊትሽ ላይ ቆሜ ረገምኩሽ እኮ!”

“ይገባኛል።”

“ይገባሻል እንጂ! ቆመሽ ምን ታያለሽ? ሂጂ አምጪው! እርግማኑን ወንፊቱ ሲመጣ አነሣዋለሁ።”

አትጠገብ ዳገቱን ሮጠች። ወንፊቱን ከምስማሩ አወረደች፣ አራገፈች፣ በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ወንፊቱ ለሰርኬ ደረሰ፤ ሰርኬ እርግማኗን አንሥታ ቁልፍ ሰጠች። ታከለ ሣጥን ከፈተ፣ ቁርሱንም አገኘ። ዳምጠው በካቻቢቴው ብሎኗን አጠበቀ፤ መሪጌታ መነጽር አጠለቁ፣ መጽሐፍ ገለጡ፣ ቆጠሩ፣ ደግመውም ቆጠሩ፤ ብርቄ የቆጠሩትን ጻፈች፤ ሙሉሰው የጻፈችውን አተመ። አትጠገብም ፎቶዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቤቷ ገባች።

እማማ ባፈና ጣታቸውን ጥጉ ላይ አሳረፉ።

“ጳጉሜ አራት” ሲሉ አነበቡ። “ማን ጻፈው?”

“ብርቄ፣ እማዬ።”

“ማን ቆጠረው?”

“መሪጌታ ፈንቴ።”

“ፈንቴ? ያ አቤቱታውን ያለ ቀን የሚያመጣው?” ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ጣታቸው ከጥጉ ተነሥቶ ቀስ እያለ መሃል ገባ፤ ትከሻቸው ላይ ያረፈውን እጅ ነካ። “ተንሸራቶ ነጠላዬ… እሱ ነው የመለሰልኝ” አሉ። “በይ ይሰቀል።”

አትጠገብ የት እንደምትሰቅለው አልተቸገረችም። ምስማሩ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ እማማ ባፈና ከአልጋቸው ሳይወርዱ፣ “አንዳርጌ ዘንድሮም ሳይመጣ ቀረ?” አሉ።

እሳቸው እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፎቶው ከምስማሩ ላይ ጠበቃቸው።

“ለካ መጥቷል” አሉ። “ጳጉሜ አራት ላይ መጥቷል።” ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ምን ትገተሪያለሽ? ቁርስ የለም በዚህ ቤት?”

እኔም ከዚህ አላልፍም። ተረቴን ባትመልሱልኝ ግድ የለኝም፤ የሰው ወንፊት ግን መልሱ።