የመርጃን ባሕርና የቤተ መንግሥቱ ጉርሻ

አንድ ንጉሥ ነበር፤ አገሩ ጉም የማይለየው ተራራ ላይ ነው። ይህ ንጉሥ ከወደ ባሕሩ ዳር መርጃን የምትባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ አግብቶ አመጣ። ወደዳት፤ ያውም እንዴት ያለ መውደድ! ውሃ እንዳትቀዳ፣ ክር እንዳትነካ፣ ጫማዋን እንኳ ራሷ እንዳታጠልቅ አዘዘ። ማዕድ ሲቀርብ በገዛ እጁ ያጎርሳታል። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ከሳች፤ ቆይቶም አልጋ ላይ ዋለች።

ሐኪሞች መጡና «ባሕሩ ናፍቋት ነው» አሉ። ንጉሡ ወደዚያ እንዳይወስዳት መንገዱን የምትችልበት አቅም የላትም። ስለዚህ ንጉሡ ባሕሩን ራሱን ወደ ተራራው አስመጣው። ግመሎች ጨዋማውን ውሃ በቆዳ እርኮት ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። እልፍኟ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ተሠራና አለቱም፣ ዛጎሉም፣ ቀይና ቢጫው ዓሣም ገባበት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ሰማያዊው ብርሃን ግድግዳው ላይ ይዋኛል፤ ጣሪያው ራሱ በቀስታ የሚተነፍስ ይመስላል። መርጃን ከትራሷ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ንጉሡ አለቀሰ። ንጉሥ አያለቅስም ያለው ማነው?

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዛሬ አልጌ የምንለው ያ አረንጓዴ ልሃጭ መሳይ ነገር መስታወቱን ያለብሰው ጀመር። አገልጋዮች ይፍቁታል፣ እሱ ተመልሶ ይበቅላል። ብርሃኑ ደበዘዘ፤ የመርጃንም ፊት አብሮ ደበዘዘ። ሐኪሞቹ ንጉሡን ወደ ጥግ ወስደው «ይህ ውሃ ካልጠራላት ክረምቱን አትዘልቅም» አሉት።

ከአማካሪዎቹ አንዱ መላ አመጣ። «ጃንሆይ፣ እሾህን በእሾህ ነው። ባሕር ውስጥ ይህን አረንጓዴ እየጋጡ የሚኖሩ ፍጥረቶች አሉ፤ እነሱን እናስመጣ።» ተላከና የባሕር ቀንድ አውጣዎች፣ ትንንሽ ሸርጣኖች፣ እንደ በግ አለት የሚግጡ ዓሦች ተጭነው መጡ።

ታዲያ በዚያ አገር እንግዳን ባዶ አፉን ማን ይተወዋል? ወይዛዝርቱ «ከሩቅ አገር መጥተው፣ ሲያሳዝኑ!» እያሉ ዳቦ ይፈረፍሩላቸዋል። ንጉሡ የተቀቀለ እንቁላል ይጥልላቸዋል። አንዱን ከጣለ በኋላ «ኧረ አንድ ጉርሻማ ያጣላል!» ብሎ ይደግማል። ቀንድ አውጣዎቹ ጠግበው ከአሸዋው አልነሳ አሉ። ሸርጣኖቹ ፍርፋሪው በሚወድቅበት ጥግ ሰፈሩ። ዓሦቹ ሰው ባዩ ቁጥር አፋቸውን ከፍተው ይመጣሉ እንጂ አለቱን ዞር ብለውም አያዩት። አረንጓዴውም ባሰበት።

«እህል ፈጂ ሁላ!» አለ ንጉሡ በብስጭት። «አውጥታችሁ ጣሉልኝ!»

መርጃን በደከመ ድምፅ ጠራችው። «ጌታዬ፣ በአባቴ ጀልባ ሥር እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ማንም አጉርሷቸው አያውቅም።»

«እና ዝም ብዬ ላስርባቸው?»

«ሥራቸው እኮ ነው ምግባቸው። የምትጥሉላቸው ደግሞ ተርፎ ከታች ይበሰብሳል፤ አረንጓዴው የሚፋፋው በእሱ ነው። እርስዎ እስካሁን ያጎረሱት አረንጓዴውን ነው።»

ንጉሡ ወደ ገንዳው እጁን የሚሰድ ወዮለት ብሎ አዋጅ አስነገረ። ነገሩ የከበደው ግን ለራሱ ነው። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ሲመጡ ፊቱን አዙሮ ይወጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ አልቻለም፤ ቁራሽ ዳቦ በጡጫው ደብቆ ገባ።

ገንዳው ዘንድ ሲደርስ አንድ ቀንድ አውጣ መስታወቱ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ አየ። በሄደበት ሁሉ አረንጓዴው እየተገፈፈ ጣት የምታህል ንጹሕ መንገድ ትቀራለች። ንጉሡ ጎንበስ ብሎ በዚያች መንገድ አጮለቀ። ከማዶ የሰው ዓይን አየ። መርጃን ነበረች፤ በእግሯ ቆማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መስታወቱን በጨርቅ ትወለውላለች።

«እግዚኦ! ተይ፣ ይደክምሻል! ኧረ ማን ነው ዝም ያላት?» ብሎ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ እጅዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለችው።

አፈረ። ጡጫውን ሲፈታ ዳቦው በላቡ ርሶ ነበር።

«ለእነሱ የጨከኑትን ለእኔም ይጨክኑልኝ» አለች። «ባሕሩ ብቻ አይደለም የናፈቀኝ። መረብ ስቋጥር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ጣቴ የሚሠራው አጥቶ ሞተ። እኔንም በጉርሻ ገደሉኝ እኮ፣ ጌታዬ።»

ንጉሡ ጨርቁን ሊቀማት እጁን ሰደደና መለሰው። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ካባው ውስጥ ከቶ ተቀመጠ። በዘመኑ ሁሉ እንደዚያ ቀን የከበደው ሥራ አልነበረም።

ክረምቱ ገባ፤ ወጣም። ሰማያዊው ብርሃን ግድግዳው ላይ ተመልሶ መዋኘት ጀመረ። መርጃን ከብርሃኑ ሥር ተቀምጣ እያንጎራጎረች መረብ ትቋጥራለች፤ ስትራብ ደግሞ ራሷ ቆርሳ ትበላለች።

ወዳጆቼ፣ ማርም ሲበዛ ይመራል። የምንወደውን ሰው ሥራውን ነጥቀን በጉርሻ ልንክሰው ስንሞክር፣ የምናፋፋው ያንኑ የሚሸፍነውን አረንጓዴ ነው። አንዳንዴ ከማጉረስ ይልቅ እጅን መሰብሰብ ትልቅ ፍቅር ይጠይቃል። የእርስዎስ? ልጅዎ ነው፣ ባለቤትዎ፣ ወይስ የሸመገሉ አባትዎ? እስቲ ጡጫዎን ፈታ ያድርጉት፤ ያ ዳቦ ለማን ነው?