የአዲሱ አባል ተራ

የአንድ መንደር አርባ ማኅበርተኞች በየወሩ ለሚካኤል በተራ ይደግሳሉ። የቀጣዩ ወር ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ አዲስ የገባ አባል ካለ ደግሞ ተራው የእሱ ነው።

አንድ ቀን ድግሱ ላይ የአንድ ትልቅ ማኅበር ሊቀ መንበር ከከተማ መጡ። ጠላውን ሦስት ጊዜ አስቀድተው ጠጡና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር አንድ ናችሁ። እኛ ራስ ነን፣ እናንተ እግር። ለዓመት በዓላችን ዳቦና ጠላ ይዛችሁ ትመጣላችሁ!» ብለው አዘዙ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ፣ በር ሥር የተቀመጠች አንዲት ሸክላ ሠሪ ተነሥታ ጽዋውን አስታቀፈቻቸው።

«እሰይ! አንድ ከሆንንማ የሚመጣው ወር ተረኛ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። ቤቴ ሩቅ ነው ብለው አይጨነቁ፤ እግር አድርገውናል፣ አርባችንም እንደርሳለን።»