ባቄላ የጣሉበት ቀን

— ተረት ተረት።
— ይምጣ፣ እየሰማን ነው።

በድሮ ዘመን አንድ መንደር የማይወደውን ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የውሃ አባት አድርጎ መረጠ። ሰውዬው ይርዳው ይባል ነበር። የውሃ አባት የመስኖውን ውሃ በተራ ያከፋፍላል። በምርጫው ቀን ሰዉ ወንዝ ዳር ይወጣና ከሚመርጠው ሰው ኋላ ይቆማል። ይርዳውም ዞር ብሎ ማን እንደቀረ ያያል። የቀረ ሰው ውሃ አያገኝም። ስለዚህ ማንም አይቀርም።

አቢተው የሚባል ገበሬ ነበር፤ ማሳው ውሃው መጨረሻ ከሚደርስበት ከቦዩ ጭራ ነው። በአሥረኛው ዓመት ገብሱ ሳያፈራ በውሃ ጥም ቢጫ ሆነ። በሳምንት ውስጥ ውሃ ካላገኘ አገር ጥሎ መሄዱ ነው። እናም፦ «እኔም እወዳደራለሁ» አለ።

እማማ ዘርትሁን የሚባሉ አሮጊት ይህን ሰሙና፦ «እንግዲያው አትሰለፉ። ቤቴ ሁለት ማሰሮ አኖራለሁ፤ አንዱ የይርዳው፣ አንዱ የአቢተው። አንድ አንድ እያላችሁ ግቡና በምትመርጡት ሰው ማሰሮ ባቄላ ጣሉ። ማን የት እንደጣለ አይታይም» አሉ።

ሰዉም ከየቤቱ ባቄላ ይዞ መጣ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የቦዩ ራስ ሰዎች ባቄላ ውሃ ጠጥቶ የፋፋ ነው። የጭራዎቹ ጭምድድ ያለ ነው። ለአቢተው ይህ የታየው ጥሎ ከወጣ በኋላ ነበር።

ከዚያም ማሰሮዎቹ ወጡ። ይርዳው የአቢተውን ማሰሮ ብድግ አደረገና ቁርበት ላይ ዘረገፈው።

፦ «ባቄላው ባለቤቱን ያሳያል። ማን እንደከዳኝ አሁን እናያለን።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ጭምድዶቹ ነበሩ። የፋፉትም ነበሩ፤ እንዲያውም እነሱ በዙ። ቀና አለና የቅርብ ጎረቤቱን አየው።

፦ «አያ መኩሪያው፣ ይቺ ያንተ ናት?»

፦ «ሳትሆን አትቀርም። የምሽቴም እዚያው አለች፣ ፈልጋት።»

ሰዉ ሳቀ።

፦ «ዘጠኝ ዓመት ከኋላዬ ቆመህ አልነበር?»

፦ «ቆሜ ነበር። የማልወድህ እኔ ብቻ መስሎኝ።»

፦ «እኔም» አለ ሌላው። «እኔም» አለች አንዲት ሴት።

ከይርዳው ማሰሮ ሁለት ባቄላ ወጣ። ሰዉም ዶማውን ይዞ ወደ ቦዩ ወረደ። በዚያ ቀን ውሃው መጀመሪያ ወደ ጭራ ተለቀቀና የአቢተው ገብስ ጠጣ። ቁርበቱ ዳር ይርዳውና እናቱ ቀሩ።

እኔ ተረቴን አቀረብኩ፤ እናንተ ደግሞ ለአፌ ቁራሽ አቅርቡ።