የኮማንደሩ ነጭ ልብስ

ኑ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ጥርሳችሁን ግን አደራ፣ በሳቅ እንዳይረግፍ። እኔ መርከብ ያየሁት በሥዕል ነው፤ ቢሆንም ውስጡ መኮንኖች ብቻ የሚበሉበት አዳራሽ አለ አሉ፣ ምንጣፉ ምን፣ ብርጭቆው ምን! የዚያ ገበታ ጌታ ኮማንደር መንበሩ የሚባል ነበር። ታዲያ እሱ በልቶ እስኪነሣ ማንም ንቅንቅ አይልም፤ የጠገበውም ቁጭ፣ ሽንቱ የወጠረውም ቁጭ!

አንድ ቀን አስተናጋጁ ቀይ ወጥ አቀረበ። ማዕበሉ መርከቡን ገፋ ሲያደርገው ሳህኑ ተንሸራቶ ኮማንደሩ ነጭ ልብስ ላይ ዘፍ! ደረቱ በርበሬ የተሰጣበት መሰለላችሁ።

ኮማንደሩ አስተናጋጁ ላይ ጮኸ፦ «አንተ! ጥፋተኛው ማን ነው? መርከቡ ነው እንዳትል፣ የማዘው እኔ ነኝ። ባሕሩ ነው እንዳትል፣ ባሕር አይታሰርም። አሁን ካላሳየኸኝ ነገ ወደብ ስንደርስ ትባረራለህ!»

ምስኪን፣ የአራት ልጆች አባት ነው፤ ከተባረረ ምን ያበላቸዋል? እሱ ግን እጅ ነሥቶ፣ «ጥፋተኛው ወጡ ነው ጌታዬ፤ እርስዎ ሳይነሡ ከገበታ ተነሣ» አለ።

«ታዲያ ለምን አትይዘውም?»

«እንዴት አድርጌ ጌታዬ? ማጥፋቱን ሲያውቅ ሮጦ እርስዎ ጉያ ገባ። ትልቅ ሰው ጉያ የገባን ጥፋተኛ ማን ደፍሮ ይጎትታል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ ኮማንደሩም ሳይወድ ሳቀ። ያን ቀን ከገበታው የተባረረው ነጩ ልብስ ብቻ ነው፤ ወደ አጣቢ!