የእትዬ ጉንዳን እንግዳ

ተረቴ ከሐይቅ መሀል ነው የመጣው፤ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ እትዬ ጉንዳን የምትባል ተስፈኛ ነበረች። ምሳ በቀረበ ቁጥር ከሾላዋ ፍሬ ትቆርስና፣ «ይሄ የእንግዳ ነው» ብላ በቅጠል ትሸፍናለች። ዓይን ከማያየው ማዶ፣ ከእኛ የረቀቁ ጥበበኞች ይመጣሉ ባይ ናት። ደሴቱ ሁሉ ሲስቅባት ከረመ፤ በተለይ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ አባ ኤሊ።

«ጥበቡስ ይኑራቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ የሚጨርሱበትን ዕድሜ ከየት ያመጡታል?» አላት አንድ ቀን። «ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት እኔ እንኳ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ዛሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልመጡ ቁራሿን እበላታለሁ፤ አንቺም ሁለተኛ እንግዳ እንዳትይ።»

እሺ አለችው።

ፀሐይዋ ልትገባ ስትል አንድ የተቦረቦረ ግንድ ተንሳፍፎ መጥቶ ዳር ነካ። ምስጦች ከነሙሽራቸው፣ ከነአራሳቸው ተግተልትለው ወጡ።

«ከማዶ መቼ ተነሣችሁ?» አለ አባ ኤሊ።

«የተነሣችውማ የቅድመ አያታችን ቅድመ አያት ናት፤ ሰላም በሉልኝ ብላ ነበር» አለች አንዷ አራስ። «እኛ መንገድ ላይ ተወለድን፣ መንገድ ላይ ተዳርን። ቤታችንም ስንቃችንም ግንዱ ነበር፤ ይኸው ቅርፊቱ ቀረ።»

እትዬ ጉንዳን እልል ብላ ቅጠሉን ገለጠች። ቁራሿ ለአንድ እንግዳ እንጂ ለመንደር አትበቃም። አባ ኤሊ አንገቱን ቀብሮ ቆየና፣ የራሱን እራት እየገፋ አመጣ።

በማግስቱ ሁለት ቁራሽ በቅጠል ተሸፍኖ ዋለ። አንደኛው በአባ ኤሊ አፍ ልክ የተገመጠ ነው፤ ማየቴን ግን እንዳትነግሩት።